ነፍስ ያወቀ ልጅ በአዲስ ቤተሰብ፦ በባዕድ አገር የመጀመሪያዎቹ ቀናትና የአገር ቤት የጤና ባለሙያ ድርሻ

መግቢያ

በጉዲፈቻም ሆነ በሌላ ሕጋዊ መንገድ ወደ አዲስ ቤተሰብ ከሚገቡ ልጆች መካከል ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት ያለፈው በሕክምና ጽሑፎች ዘንድ ለብቻቸው ተለይተው ይታያሉ። ጡት ያልጣለ ሕፃን ቋንቋውንም ሆነ የምግብ ልማዱን ከአሳዳጊዎቹ ጋር አብሮ ይጀምራል። ነፍስ ያወቀ ልጅ ግን የሚናገረውን ቋንቋ፣ የሚጸልይበትን ሥርዓት፣ በስም የሚጠራቸውን ዘመዶችና የሚያስታውሰውን ሞት ወይም መለየት ይዞ ይመጣል። አሳዳጊዎቹ ዛሬ እንደ ተጀመረ የሚቆጥሩት ሕይወት ለእርሱ ከተጀመረ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሆኖታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያለው ልጅ በባዕድ አገር በሚያሳልፋቸው የመጀመሪያ ቀናትና ሳምንታት ምን እንደሚያጋጥመው፣ ከሚያጋጥመውም ምን ያህሉ አስቀድሞ በአገር ቤት የጤና ተቋም ውስጥ እንደሚወሰን ማስረዳት ነው። ምሳሌዎቹ በአመዛኙ ከጅግጅጋ፣ ከደምበልና ከሌሎች የሶማሌ ክልል ሰሜናዊ አካባቢዎች ሁኔታ ጋር የተያያዙ ናቸው። አንባቢው የውጭ አገር ጉዲፈቻ በሕግ ከቀረ በኋላ ይህ ጉዳይ ምን ያደርግልናል ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ልጆች ግን ዛሬም በሌላ መንገድ ይሄዳሉ፤ የሄዱትም አድገው እየተመለሱ የሕክምና ማኅደራቸውን ይጠይቃሉ።

የጉዳዩ መነሻ

እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናትና ልጆች በጉዲፈቻ ሄደዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 በአንድ ዓመት ውስጥ የሄዱት ከ2,500 በላይ ነበሩ። ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ሌሎች አገሮችም በብዛት ተቀብለዋል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕጉን በማሻሻል ለውጭ አገር ዜጎች ልጅን በጉዲፈቻ መስጠትን አስቀርቷል።

ከነዚህ ልጆች አብዛኞቹ የሄዱት ከደቡብ፣ ከኦሮሚያና ከአዲስ አበባ ሲሆን ሶማሌ ክልል በዚህ መንገድ ብዙ ልጅ የሰጠ አካባቢ አልነበረም። «ጉዲፈቻ» የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የገባ ሲሆን ልጁ የአሳዳጊውን ስምና ውርስ የሚያገኝበትን ሥርዓት ያመለክታል። በእስልምና ሕግ ግን አሳዳጊ ልጁን ማሳደግ፣ ማብላትና ማስተማር እንጂ የወላጅ አባቱን ስም መለወጥ አይፈቀድለትም። ይህ ሥርዓት «ከፋላ» ይባላል፤ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ20ኛው አንቀጹ በስም ጠቅሶ እውቅና ሰጥቶታል። በጅግጅጋ አባቱ የሞተበት ልጅ ብዙውን ጊዜ የሚያድገው በአጎት ወይም በአክስት ቤት ነው። ወረቀት የለውም፤ ቤተሰቡም «የእኔ ልጅ ነው» ይላል እንጂ «አሳዳጊው ነኝ» አይልም።

ይህ አነጋገር ባሕር ማዶ ሲደርስ ያስከተለውን ነገር የጤና ባለሙያ ቢያውቀው ይጠቅመዋል። በጅግጅጋ ዙሪያ በቀብሪበያህ፣ በአውበሬና በሸደር የስደተኞች ጣቢያዎች የሚኖሩ ሶማሌያውያን ልጆች ውጭ አገር ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር በቤተሰብ ማገናኘት መርሐ ግብር ይሄዱ ነበር። የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2008 በመጀመሪያ ናይሮቢ ላይ፣ ቀጥሎም ኢትዮጵያን ጨምሮ በሌሎች አገሮች የዘረመል ምርመራ አካሄደ። ተነግሮ የነበረው የሥጋ ዝምድና ሙሉ በሙሉ የተረጋገጠው ከመቶ ከ20 በታች በሆኑት ቤተሰቦች ብቻ በመሆኑ መርሐ ግብሩ እ.ኤ.አ. እስከ 2012 ድረስ ታግዶ ቆየ። ከቀሩት መካከል በማጭበርበር የገቡ እንደነበሩ አይካድም። ሆኖም የዘረመል ምርመራ የሚመልሰው ማን ማንን እንደ ወለደ እንጂ ማን ማንን እንዳሳደገ አይደለም፤ ከጡት ጀምሮ በአክስቱ እጅ ያደገ ልጅም በምርመራው ባዕድ ሆኖ ይወጣል። በኋላም አሜሪካ በጥር 2017 ዓ.ም. የስደተኞች ቅበላዋን በማቋረጧ ይህ መንገድ ተዘግቶባቸው በመሐል የቀሩ ልጆች አሉ። ወደ ሌሎች አገሮች የሚደረገው ጉዞ በየአገሩ ሕግ ይመራል።

እንግዲህ ስለ «አዲስ ቤተሰብ» ስንናገር ፈረንጅ አሳዳጊዎችን ብቻ ማሰብ የለብንም። ቶሮንቶ ወይም ሚኒያፖሊስ የሚኖር፣ ልጁ በስልክ ድምፁን ብቻ የሚያውቀው አጎትም ለልጁ አዲስ ቤተሰብ ነው። እንዲያውም በጸሐፊው አመለካከት ይህኛው ለባለሙያ የበለጠ ያስቸግራል፤ ቋንቋና ሃይማኖት አንድ በመሆናቸው ልጁ ምንም እንዳልቸገረው ይታሰባልና።

የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶችና ማዕዶች

አሳዳጊዎች ለልጁ ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ የሚያሳዩት ያዘጋጁለትን የብቻ ክፍል ነው። ከወንድሞቹና ከእህቶቹ ጋር በአንድ ምንጣፍ ላይ ሲተኛ ለኖረ ልጅ ግን የተዘጋ በርና የብቻ አልጋ ቅጣት ሊመስለው ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች እንቅልፍ ማጣት፣ መቃዠት፣ ከአልጋ ወርዶ ወለል ላይ መተኛት፣ ትቶት የነበረውን ሽንት በመኝታ ላይ መሽናት እንደገና መጀመር የተለመዱ ናቸው። እነዚህን ለማከም መድኃኒት መፈለግ አያስፈልግም። ልጁ ለጥቂት ሳምንታት ከአሳዳጊዎቹ ወይም ከቤቱ ልጆች በአንዱ አጠገብ እንዲተኛ መፍቀድ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ መተውና መብራት አለማጥፋት ብዙውን ጊዜ በቂ ነው። ልጁ ቀድሞ ከማን ጋር ይተኛ እንደነበር በአገር ቤት ሳለ ተጠይቆ በአንድ መስመር ቢጻፍ ይህ ሁሉ ግምት ባላስፈለገ ነበር።

ምግብን በተመለከተ ሁለት ተቃራኒ ነገሮች ይታያሉ። ረሃብን የሚያውቅ ልጅ ሆዱ እስኪነፋ ይበላል፤ የተረፈውንም ዳቦ ከትራስ ሥር ወይም ከቁም ሣጥን ውስጥ ይደብቃል። ይህ ስርቆት አይደለም፤ ልጁ የነገውን ስለማያምን የሚያደርገው ነው። ሳህን መንጠቅና መቆጣት ድብቁን ያባብሰዋል። በአንጻሩ ሙዝና ዳቦ ሁልጊዜ እጁ በሚደርስበት ቦታ ቢቀመጥለት ድብቁ በጥቂት ወራት ውስጥ እየቀነሰ ይሄዳል። ሌላው ልጅ ደግሞ አልበላም ይላል። ሩዝ፣ ፓስታ፣ ላሖሕና የግመል ወተት የለመደ የጅግጅጋ ልጅ ቀዝቃዛ ምሳ ሲሰጠው ገፍቶ ቢነሣ አይገርምም። ሙስሊም ልጅ በማን እጅ እንደ ታረደ የማያውቀውን ሥጋ ሲሸሽ «የአመጋገብ መታወክ» ተብሎ ወደ ሥነ ልቡና ባለሙያ እንዳይላክ የልጁ ሃይማኖትና የሚበላው ምግብ አብሮት በሚሄደው ወረቀት ላይ ሊሰፍር ይገባል። የምግብ ለውጡና የማያውቀውን መጸዳጃ መፍራቱ ተደምረው የሆድ ድርቀት ማስከተላቸውም የታወቀ ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት የሚመጣ የሆድ ቁርጠት መነሻው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

ብዙ አሳዳጊዎችን የሚያታልለው ግን የልጁ ጨዋነት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልጁ እንደ እንግዳ ይኖራል፤ የታዘዘውን ይሠራል፤ አያለቅስም፤ የሚፈልገውንም አይጠይቅም። እንግድነቱ ሲያልቅ፣ ይኸውም አንዳንዴ ከወር፣ አንዳንዴ ከመንፈቅ በኋላ፣ ቁጣው፣ ለቅሶውና እምቢታው ይመጣል። አሳዳጊዎቹ «ልጁ ተበላሸብን» ብለው ወደ ሐኪም የሚመጡት በዚህን ጊዜ ነው። የሐኪሙ መልስ ልጁ ቤቱ የእርሱ መሆኑን ማመን ስለ ጀመረ ሐዘኑን ማውጣት መጀመሩን ማስረዳት መሆን አለበት።

የአካል ቋንቋም ስሕተት ያመጣል። በእኛ ዘንድ ልጅ ታላቁን ሲያናግር ዓይኑን ዝቅ ያደርጋል፤ ይህ ባሕር ማዶ ያለ መርማሪ ፊት የግንኙነት ችግር ምልክት ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ትንፋሽን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» ማለትም እንዲሁ የትንፋሽ ማጠር ሊመስል ይችላል። (የሰሜን ስዊድን ሰዎች እንደኛው ትንፋሽ እየሳቡ «አዎ» ስለሚሉ እዚያ የደረሰ ልጅ በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው።) የሶማሌ ልጅ የማያውቀውን ጎልማሳ ሁሉ «አዴር»፣ ማለትም አጎት፣ ብሎ መጥራቱም ባዕድን ከዘመድ አለመለየት ተደርጎ እንዳይወሰድ ማስረዳት ያሻል። ከዚሁ ጋር የአባት ወንድም «አዴር»፣ የእናት ወንድም «አብቲ»፣ የአባት እህት «ኤዶ»፣ የእናት እህት «ሀበርየር» መባላቸውን መዝጋቢው ቢያውቅና ቃሉን እንዳለ ቢጽፈው፣ «አክስት» በሚለው ቃል የሚጠፋው የዝምድና መስመር ተጠብቆ ይቆያል።

የቃል ታሪክ የሚወሰድበት ጊዜ አጭር ስለ መሆኑ

ልጁ በአዲሱ አገር የእናት ቋንቋውን የሚሰማበት ዕድል ከሌለ ቋንቋው የሚጠፋው አሳዳጊዎች ከሚገምቱት በላይ በፍጥነት ነው። ከ4 እስከ 8 ዓመት ያለ ልጅ በጥቂት ወራት ውስጥ አፉን ፈቶበት የነበረውን ቋንቋ መናገር ያቆማል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ከ3 እስከ 8 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ከኮሪያ ተወስደው በፈረንሳይኛ ያደጉ ጎልማሶችን የአእምሮ ምስል መርምሮ፣ ኮሪያኛ ሲሰሙ የሚታየው ምላሽ ሰምተውት የማያውቁትን ቋንቋ ሲሰሙ ከሚታየው የተለየ ሆኖ አላገኘውም።

ለሐኪም የዚህ ትርጉም ቀላል አይደለም። ልጁ «እናቴ ስትሞት ደም ታስል ነበር»፣ «ሕፃን ሳለሁ እሳት ላይ ወደቅሁ»፣ «ቀኝ ጆሮዬ አይሰማም» ብሎ ሊናገር የሚችልበት ጊዜ በአገር ቤት ያሉት ቀናትና በባዕድ አገር ያሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ብቻ ናቸው። ከዚያ በኋላ አሮጌው ቋንቋ ጠፍቶ አዲሱ ገና ስላልጠና የሕመሙን ታሪክ የሚናገርበት አፍ ያጣል። ስለዚህ የሕክምና ታሪክ መጠየቅን «እዚያ ያሉት ይጨርሱታል» ብሎ ማሳለፍ ታሪኩን ማጥፋት ነው። ጥያቄውም ልጁ በሚያልምበት ቋንቋ መሆን አለበት። ከጅግጅጋ የሄደ ልጅ «ኢትዮጵያዊ ነው» ተብሎ የአማርኛ አስተርጓሚ ሲመደብለት ዝም ቢል መዘጋቱ ወይም መደንገጡ ላይሆን ይችላል፤ አልገባውም ይሆናል። ቋንቋው ሶማሊኛ መሆኑ በወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር ላይ ሊጻፍ ይገባል።

እዚህ ላይ ለልጁ ራሱ ስለሚነገረው ቃልም ማንሣት ተገቢ ነው። የአገራችን የቤተሰብ ሕግ በጉዲፈቻ የተሰጠ ልጅ ከተወላጅ ቤተሰቡ ጋር ያለውን ትስስር አያፈርስም፤ የተቀባዮቹ አገሮች ሕግ ግን በአብዛኛው ፈጽሞ ይቆርጠዋል። በዚህ ልዩነት መካከል ብዙ ልጆች «ተምረህ ትመለሳለህ» ተብለው ሄደዋል። ሻንጣውን ሳይፈታ በየቀኑ «መቼ ነው የምሄደው?» የሚል ልጅ በሽተኛ አይደለም፤ የተነገረውን አምኖ ነው። ልጁን ለጉዞ የሚመረምር ባለሙያ የልጁን መረዳት መጠየቅ፣ የተሳሳተም ከሆነ አሳዳጊዎቹና ማኅበራዊ ሠራተኛው እንዲያርሙት ማሳሰብ አለበት።

ዕድሜ

በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገራችን ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ልደታቸው የተመዘገበው ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ መሆናቸውን አሳይቷል። የወሳኝ ኩነቶች ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረውም በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ዛሬ በ10ና በ12 ዓመት የሚገመት ልጅ ሲመጣ ዕድሜው በግምት የሚጻፍበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ግምቱም እንደ ፈላጊው ይረዝማል ወይም ያጥራል።

ግምት ሲደረግ መሣሪያዎቹን ከነድክመታቸው ማወቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ቋሚ መንጋጋ ወደ 6 ዓመት፣ ሁለተኛው ወደ 12 ዓመት ገደማ ይበቅላል፤ በአፍሪካ ልጆች ግን በጥቂት ወራት ቀደም ሊል እንደሚችል ታይቷል። የግራ እጅ አንጓ ራጅ የሚነጻጸርበት የግሮይሊክና የፓይል አትላስ የተዘጋጀው በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት ይኖሩ ከነበሩ የደላቸው ቤተሰቦች ልጆች ሲሆን፣ የተወሰዱትም ምስሎች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊትና በዚያው ዘመን የነበሩ ናቸው። በተደጋጋሚ የተራበ ልጅ አጥንት ወደኋላ ስለሚቀር ራጁ ዕድሜውን አሳንሶ ያሳያል። በጉርምስና አካባቢ ልዩነቱ ወደ ላይም ወደ ታችም እስከ 2 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ ባለሙያ «9 ዓመት» ብሎ ሳይሆን «ከ8 እስከ 11 ዓመት» ብሎ ቢጽፍ ለእውነቱ ይቀርባል፤ ምንም እንኳ የሚያስፈርመው መሥሪያ ቤት አንድ ቁጥር ብቻ ቢፈልግም።

ከራጅ ይልቅ የሚረዳው የዘመን መለያ ነው። በሲቲና በፋፈን ዞኖች ሰዎች ልደትን የሚያስታውሱት በዝናም ወቅት፣ ማለትም በ«ድራዕ» ወይም በ«ከረን»፣ እንዲሁም በዘመኑ በነበረው ድርቅ ወይም ሁከት ነው። ልጁ በ2008ቱ ድርቅ ጊዜ ይራመድ ነበር ወይስ በጀርባ ነበር? በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በጅግጅጋ በተነሣው ሁከት ወቅት ትምህርት ጀምሮ ነበር? እንዲህ ያሉ ሁለትና ሦስት ጥያቄዎች ለአያት ወይም ለጎረቤት ቢቀርቡ ከማንኛውም ምስል የጠበበ ግምት ይሰጣሉ።

የዕድሜ ስሕተት ዋጋ አለው። ከድህነት ወጥተው ጥሩ ምግብ ያገኙ በጉዲፈቻ የሄዱ ልጃገረዶች ያለጊዜው የሚመጣ ጉርምስና ከሌሎች ይልቅ እንደሚበዛባቸው እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የዴንማርክ ጥናት አሳይቷል። በወረቀት 7 ዓመት የተባለች፣ በእውነት ግን 10 ዓመት የሆናት ልጅ ጡቷ ማጎጥጎጥ ሲጀምር ጉርምስናን የሚያዘገይ መርፌ ሊታዘዝላት ይችላል። ሐኪሙ የሚያክመው ልጅቷን ሳይሆን ወረቀቱን ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ ደግሞ በጣም ቀላሉና በጣም የሚደጋገመው ስሕተት የዘመን አቆጣጠር ነው። ጳጉሜን 3 ቀን 2009 ዓ.ም. የተወለደች ልጅ ካርዷ ላይ «3/13/2009» ተብሎ ቢጻፍ፣ አሜሪካዊ አንባቢ ማርች 13 ቀን 2009 ብሎ ያነበዋል፤ እውነተኛው ቀን ግን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2017 ነው። የልደት ቀኗ ተስተካክሎ ክትባቷ ሳይስተካከል ከቀረ ደግሞ «12/05/2010» የተባለው የክትባት ቀን ከመወለዷ ሰባት ዓመት ገደማ ቀድሞ ይገኛል፤ ሐኪሙም ካርዱን ሐሰተኛ ነው ብሎ ይጥለዋል። ማድረግ የሚገባው እጅግ ትንሽ ነው፤ ከእያንዳንዱ ቀን አጠገብ በሁለቱም አቆጣጠር መጻፍና የወሩን ስም በቁጥር ሳይሆን በፊደል ማስቀመጥ። በየሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ላለው ልጅም እንዲሁ «ጧት 2 ሰዓት» የሚለው በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት መሆኑ ይገለጽ።

የሴት ልጅ ግርዛት

ከሶማሌ ክልል የምትሄድ ልጃገረድን በተመለከተ ከሁሉም በላይ በዝምታ የሚታለፈው ይህ ጉዳይ ነው። በ2008ቱ ጥናት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉት የክልሉ ሴቶች ከመቶ 99ኙ የተገረዙ ሲሆኑ፣ በአገር አቀፍ ደረጃ ቁጥሩ ከመቶ 65 ነበር። የብልት መስፋትን የሚያካትተው 3ኛው ዓይነት በአገር አቀፍ ደረጃ ከተገረዙት ከመቶ 7 ያህሉ ላይ ሲታይ በሶማሌ ክልል ከመቶ 70 ያልፋል። የ1997ቱ የወንጀል ሕግ በ565ኛውና በ566ኛው አንቀጾቹ ድርጊቱን የሚያስቀጣ አድርጎታል።

የተሰፋች ልጅ ሽንቷን ለመጨረስ አሥር ደቂቃና ከዚያም በላይ ሊፈጅባት ይችላል። በአዲሱ ትምህርት ቤት ከመጸዳጃ ቤት እየዘገየች ስትመለስ ትቀጣለች፤ ወይም ሽንቷን ይዛ ትውልና የሽንት ቧንቧ ልክፈት ይይዛታል። የወር አበባ ስትጀምር ደሙ በሚገባ ስለማይወጣ ብርቱ ቁርጠት ይመጣል። እርሷ ሴት ሁሉ እንዲህ ትመስለኛለች ብላ ስለምታስብ አትናገርም፤ አሳዳጊዎቿም አያውቁም። ሐኪም ድንገት ሲያየው ግን በብዙ አገሮች ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። በእንግሊዝና በዌልስ ይህ ግዴታ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሕግ ተደንግጓል፤ ስዊድን ድርጊቱን የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ1982 ነው። ጥያቄውም «ከመምጣቷ በፊት ነው ወይስ ከመጣች በኋላ?» የሚል ይሆናል። መልስ የሚሰጥ ወረቀት ከሌለ ልጅቷ ከገባችበት ቤት ለጊዜው ልትነጠል ትችላለች፤ ይህም ለእርሷ ሁለተኛ መለየት ነው።

ስለዚህ ከጉዞ በፊት በሚደረገው ምርመራ ላይ ሴት ባለሙያ፣ ልጅቷን በቋንቋዋ አስረድታና አስፈቅዳ፣ ዓይነቱን መዝግባ በታሸገ የሕክምና ደብዳቤ ለተቀባዩ ሐኪም ብቻ እንዲደርስ ብታደርግ ትልቅ ችግር ታስቀራለች። በተቀባዩ አገርም ይህ ምርመራ በመጀመሪያው ቀን መደረግ የለበትም። አውሮፕላን በወረደች ማግስት የማታውቀው ሰው ልብሷን የሚያስወልቃት ልጅ ለብዙ ጊዜ ሐኪም አታምንም።

ልክፈትና ክትባት

በዚህ በኩል ሥርዓቱ የታወቀ ስለሆነ በአጭሩ እናልፋለን። ከኢትዮጵያ በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ በሄዱ 50 ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ የልጆቹ እድገት ከሌሎች አገሮች ከመጡት የተሻለ ሆኖ ሳለ ግማሽ ያህሉ የአንጀት ጥገኛ ተውሳክ እንደነበራቸው አመልክቷል። ቆረቆርና ሌሎች የቆዳ ሕመሞችም የተለመዱ ናቸው። ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ወደ አሜሪካ ለሚጓዙ ስደተኞች የትላትልና የወባ መድኃኒት ከጉዞ በፊት ይሰጥ ነበር፤ ይሁን እንጂ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል፣ በባዕድ አገር ትኩሳት የያዘው የእኛ ልጅ ጉንፋን ነው ከመባሉ በፊት ደሙ ለወባ ሊታይ ይገባል። የሳንባ ነቀርሳና የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም በመድረሻ ጊዜ ነጻ ቢሆን እንኳ ከ3 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደገማል፤ በቅርብ የተያዘ ልጅ በመጀመሪያው ምርመራ ላይታይ ይችላልና።

ክትባትን በሚመለከት በ2008ቱ ጥናት በሶማሌ ክልል ሙሉ በሙሉ የተከተቡት ሕፃናት ከመቶ 22 ነበሩ። የጆሮ ደግፍና የጉድፍ ክትባት በመደበኛው መርሐ ግብራችን ውስጥ ስለሌሉ በተቀባዩ አገር መሰጠታቸው የማይቀር ነው። ካርድ የሌለው ልጅ እንደ ገና ቢከተብ ጉዳት እንደሌለው፣ ያልተከተበውን ተከትቧል ብሎ መጻፍ ግን ጉዳት እንዳለው መናገር ለማንም ባለሙያ አዲስ አይሆንም። ረጅም ክረምት ወዳለበት አገር የሚሄድ፣ ጥቁር ቆዳ ያለውና ሰውነቷን የምትሸፍን ልጅ የቫይታሚን ዲ እጥረት ቶሎ ስለሚያገኛት ይህም ለአሳዳጊዎች ሊነገር ይገባል።

ክብደትና ዝምታ

እ.ኤ.አ. በ2008 ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በጉዲፈቻ የሄደችው ሐና በሜይ 2011 በአሳዳጊዎቿ ቤት ግቢ ውስጥ በብርድ ሞተች፤ ከሲታነትና የጨጓራ ሕመም ለሞቷ አስተዋጽኦ እንደነበራቸው በምርመራ ታወቀ። አሳዳጊዎቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ጥፋተኞች ተብለው ረጅም እስራት ተፈረደባቸው። ለጤና ባለሙያ በዚህ ነገር ውስጥ ሁለት ጉዳዮች ይገኛሉ። አንደኛው፣ ልጅቷ ትምህርቷን በቤት ስለምትከታተል ከቤተሰቡ ውጭ የሚያያት ሰው ጥቂት ነበር፤ በአዲስ ቤተሰብ ውስጥ ከገባ በኋላ ክብደቱ የቀነሰ ልጅም ሊጨምር በሚገባው ጊዜ የቀነሰ ስለሆነ ሚዛን ላይ ቢወጣ ወዲያው ይታወቃል። ሁለተኛው፣ ከክሶቹ አንዱ ሟቿ ከ16 ዓመት በታች መሆኗን ማረጋገጥ ስለሚጠይቅ አስከሬኗ እንደገና ወጥቶ አጥንቷና ጥርሷ እንዲመረመር ተደርጓል። አንድ ልጅ በአገሩ ሳለ በአግባቡ ያልተጻፈለት ዕድሜ ከሞተ በኋላ ከመቃብር ተፈልጓል።

ስለዚህ ልጁ አገር ቤት ሳለ የሚወሰደው ክብደት፣ ቁመትና የክንድ ዙሪያ መለኪያ ለጉዞ ፈቃድ ብቻ የሚያገለግል አይደለም፤ በኋላ የሚለካው ሁሉ የሚነጻጸርበት መነሻ ነው። ለብዙ ዓመታት መከታተል የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሰፊ የስዊድን ጥናት ከውጭ አገር በጉዲፈቻ የመጡ ልጆች በወጣትነታቸው ራስን ለማጥፋት የመሞከርና በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል የመተኛት ዕድላቸው ከሌሎቹ ከ3 እስከ 4 እጥፍ ገደማ ሆኖ አግኝቷል። አብዛኞቹ ግን ደኅና ሆነው እንዳደጉ ይኸው ጥናት ያሳያል።

የተመለሱት

በሕፃንነታቸው የሄዱት ዛሬ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሆኗቸዋል። አንዳንዶቹ ልጅ ወልደው «የቤተሰብሽ የሕመም ታሪክ ምንድን ነው?» ሲባሉ የሚመልሱት ስለሚያጡ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የተመረመሩበትን ጤና ጣቢያና ሆስፒታል ይፈልጋሉ። የሚያገኙትም ወይም የሚያጡት በካርድ ክፍሉ ሠራተኛ እጅ ነው። ቦታ ጠበበ ተብሎ የአሮጌ ማኅደር ክምር ሲወገድ ተጥሎ የተገኘ፣ አሳዳጊ የተቀበለው ወይም ወደ ውጭ አገር የተላከ ልጅ ማኅደር ካለ፣ የእናቱን ስም፣ የሞቷን ምክንያትና የወንድሞቹን ቁጥር የያዘው ብቸኛ ወረቀት እርሱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያሉት ማኅደሮች በተለየ ቀለም ምልክት ተደርጎባቸው ከሚወገዱት ተለይተው መቀመጥ አለባቸው፤ ለዚህ ከአንድ መደርደሪያና ከአንድ መዝገብ በላይ አያስፈልግም።